በሩ የሚያውቀው አነካከስ

«ምነው፣ ጭፈራ ነው ወይስ አመመሽ?» አሉ ዘበኛው አባባ ገብረየስ።

«ማነከሴ ነው አባባ» አለች ትርንጎ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ ወደ ፋብሪካው በር እየተጠጋች። «የድሮውን እየሞከርኩ ነው።»

ያን ጊዜ ቁልፍም መታወቂያም ቀርቶ፣ በር ሰውን የሚለየው በአካሄዱ ነበር። ትርንጎንም የልብስ ፋብሪካው በር ለዓመታት የሚያውቃት፣ በአሮጌው ሰው ሠራሽ እግሯ ቀኟን ጎተት ስታደርግ ነው። ሐኪም ቤቱ አሮጌውን ተቀብሎ አዲስ ገጠመላት፤ ዘመድ ጎረቤቱ እሰየው አለ። ቀጥ ብላ እየተራመደች ሥራ ብትመጣ ግን በሩ «እንግዳ ነዎት» ብሎ አልከፍት አላት። ከዚያ ወዲህ ባሏ ጠዋት ጠዋት ሻዩን እያቀዘቀዘ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ጓዳ ማነከስ ያስጠናታል። «ጎተት አርጊው እንጂ! አሁንማ ሙሽራ መሰልሽ» ይላታል፤ ይስቃሉ፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች።

በሩ ዛሬም አልተከፈተም።

አለቃዋ በመስኮት ብቅ ብሎ ቁልቁል አያት። «ትርንጎ፣ በሩ አልመጣችም እያለኝ ነው። ደግሞ አዲስ እግር ይዘሽ! ዛሬም ካልገባሽ ማሽንሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለና መስኮቱን ዘጋው።

ትርንጎ ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ እንኳ ያውቁኝ የለ? እባክዎ ይግቡና ከውስጥ ይክፈቱልኝ።»

አባባ ገብረየስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እኔንስ ማን ያስገባኛል ልጄ? ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ምሳዬንም እዚሁ ውጭ ነው የምበላው።»