ፈንታነሽ የመረጠችው የአሳማ ፊልም

ቢቸና ላይ የሚታይ ፊልም ሁሉ የውጭ ነበር። ስለዚህ መምህር ሣህለ ማርያም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን «አንድ የውጭ ፊልም መርጣችሁ አጥኑና ለክፍሉ አቅርቡ» ሲሏቸው፣ «የውጭ» የምትለውን ቃል የጨመሯት ለወጉ ያህል ነው።

ምርጫውም ሰፊ አልነበረም። ተንቀሳቃሽ ሲኒማው ላንድሮቨር በዚያ መጋቢት ይዞ የመጣው ሦስት ፊልም ነው፤ የጦርነት፣ የግድብ ሥራና የአሳማ እርባታ።

የአሳማው ለገበሬ ማኅበራት ማስተማሪያ ተብሎ ከአንዲት ሶሻሊስት አገር የተላከ ነው። ሰዎች በኅብረት ሲያረቡ፣ በኅብረት ሲያርዱ፣ በኅብረት ሲበሉ ያሳያል። ልብ በሉ፤ የፊልሙ ዓላማ ኅብረቱ ነው እንጂ አሳማው አይደለም። ቢቸና ግን ያየው አሳማውን ነው። ያውም በሁዳዴ።

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ነጩ አቡጀዴ ላይ በር የምታህል እሪያ መጣች። እርጥብ አፍንጫዋን የገዛ ኩሷ ውስጥ እየነከረች ታሸታለች። ቀጥሎ ታረደች። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደሙን በሳፋ ተቀብላ በእጇ አማሰለችው፤ አንጀቱን ገልብጣ አጠበችና ደሙን መልሳ ሞላችበት። አዳራሹ በሙሉ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። አንዱ ምስኪን የበላውን ሽሮ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ጋቢ ላይ መለሰው።

«እንትፍ! በስመ አብ! ኧረ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጾማችሁ ይፈርሳል!» አሉ አንዲት አሮጊት።

ፊልም መቼም በአንድ ጥቅል አያልቅም። የመጀመሪያው ሲጨርስ መብራት ይበራና ኦፕሬተሩ ሁለተኛውን ማሽኑ ላይ እስኪያስገባ ይጠበቃል። ያን ዕለት መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወጣ፤ መምህሩም ጭምር። የቀረችው ፈንታነሽ ብቻ ናት። እስከ መጨረሻው ያላዩትን ነገር አጠናሁ ማለት ውሸት ይመስላታል።

ጨርሳ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አጥሩን ተደግፋ አስመለሳት።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የአሳማውን መረጠች። አጠገቧ የምትቀመጠው አምሳለች ደብተሯን ሰብስባ ፈቀቅ አለች።

«አንቺ ፈንትዬ፣ ጦርነቱ እያለልሽ?»

«እሱን ሁሉም መርጦታል።»

«ግድቡስ? ውሃ መቼም አይሸትም!»

«እኔ ይህንን ነው የምፈልገው።»

«ወይ ጉድ! ትላንት ሲያስመልስሽ አይቼሻለሁ እኮ።»

«አዎ፣ አስመልሶኛል። ዛሬም ልሄድ ነው።»

ሄደች። አዳራሹ ባዶ ስለነበር ኦፕሬተሩ አምባቸው ማሽኑን ሊያነሳ ነበር።

«ጋሼ አምባቸው፣ የመጀመሪያው ይቅር። ሁለተኛውን ብቻ ያሳዩኝ።»

«አንቺ ልጅ ደህና ነሽ? እዚያ ላይ እኮ መብላቱ ነው ያለው። እሱማ ይብሳል!»

«ይሁን።»

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሰው ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። «ካድሬዎቹን ልታስደስት ነው» ተባለ። «ታላቅ ወንድሟ ደምለው ለትምህርት ተብሎ ባሕር ማዶ ሄዶ የውሃ ሽታ ሆነ። እሷ ደግሞ በአሳማ ጀርባ ተፈናጣ ልትሄድ አማራት።»

ይህ ሁሉ ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ያልፍ ነበር። የፈንታነሽ አባት ግን ቄስ አካለ ወልድ ናቸው። ደጀ ሰላም ላይ ሽማግሌዎቹ «አንቱ፣ ልጅዎ በጾም እሪያ ሲበላ ቁጭ ብላ እያየች፣ እርስዎ እኛን ሊያቆርቡን ነው?» አሏቸው። ቄሱ ቤት ገብተው ልጃቸውን ጠሩ።

«ፊልሙን ትቀይሪያለሽ። አለዚያ ትምህርቱ ይቅር፤ የሉማሜው ሰው ሽማግሌ ልኳል፣ እሺ እላቸዋለሁ።»

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው ይዩት።»

«እኔ? ታቦት በማይበት ዓይን?» ምራቃቸውን ተፉ። «ለመሆኑ ምን አለበት? ምኑ ነው እንዲህ ያሰከረሽ?»

ፈንታነሽ አንገቷን ደፋች። ለቄስ አባት በአፍ የማይነገር ነገር አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲኒማው ወደ ሞጣ ተጓዘ። ፈንታነሽም ጠፋች። ገበያ የነበሩ ሰዎች ወደ ሞጣ በሚሄድ እህል የጫነ መኪና ላይ አይተናታል አሉ። ቄስ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሏት። መንገዱን ሙሉ ያንን የረከሰ ጨርቅ እንዴት እንደሚተረትሩት ብቻ ያስቡ ነበር።

ሞጣ ሲደርሱ አዳራሹን የሚጠይቁት ሰው አላስፈለጋቸውም። እየተፋ የሚመጣውን ሰው ተቃራኒ መሄድ በቂ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ አፍ ተጸይፎት ወጥቷል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ሁለቱን እንዲህ ያስማማ ነገር አልታየም።

ቄሱ በሩን በርግደው ገቡ። መስኮቶቹ በጆንያ ስለተጋረዱ ጨለማ ነው። ፈንታነሽ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አቡጀዴው ላይ ረጅም ገበታ ተዘርግቷል። ሰዎች ያንን በደም የተሞላ አንጀት እየቆረጡ ይጎርሳሉ፤ ስቡ በአገጫቸው ይወርዳል። ምስሉ ቀስ እያለ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል።

ቄስ አካለ ወልድ አልተመለሱም፤ አቡጀዴው ሥር ደርሰው መቋሚያቸውን አነሡ። ፈንታነሽ አልከለከለቻቸውም።

በዚህ ጊዜ ምስሉ የገበታው ዳር ላይ ከተቀመጠው ወጣት ደርሶ ቆመ። መቋሚያውም አየር ላይ ቆመ።

አምባቸው ጠብ እንዳይነሣ ፈርቶ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«ተው፣ አታጥፋው» አሉ ቄስ አካለ ወልድ። «ደምለው እስኪጠግብ ቆይ።»