ባዶ ጣት

ክረምቱ ክፉ ነበር። ሥራ ጠፋ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ በዚያ ላይ ባሏ ደም ማስመለስ ጀመረ። ሳፋ እየያዘች፣ አንሶላ እያጠበች ከረመች። በመጨረሻ ሐኪሙ ቱቦ በአፉ አስገብቶ፣ ጨጓራው ውስጥ አብጦ የሚደማውን የደም ሥር ሊዘጋው ተነሣ። ነርሷ፣ «እጁን የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ይግባ» ስትል የባሏ ታላቅ እህት ቀደመቻት።

«ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ የትናንት እንግዳ!» ብላ በሩን ዘጋችባት።

ሚስቲቱ በሩ መስታወት ላይ ተለጠፈች። ባሏ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ የእህቱን ጣቶች እያሻሸ ነበር። ቅናት ያዛት። ይህችን ሴት ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ «እትዬ» ብላት አታውቅም። «ብሞትም አልላትም» አለች በልቧ።

እህትየዋ ፊቷ ጠቁሮ ወጣች።

«ደሙ ቆሟል» አለችና ባዶ ጣቷን አሳየቻት። «እዚህ ላይ ቀለበት ሲፈልግ ነበር። ያጣዋል፣ እንደገና ይፈልጋል። አንቺን መስዬው ነው። እንዳይደነግጥ ብዬ ዝም አልኩት።»

ሚስቲቱ ቀለበቷን ነካችው። ባሏ ሐሳብ ሲገባው እጇን ይዞ የሚያዞረው እሱን ነበር። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀመጠችና ቦታ ለቀቀችላት።

«እትዬ፣ አረፍ ይበሉ።»