እስከ አምስት ሰዓት ከአራት

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የስቶያንካ የይለፍ ቃል የልጇ ስምና የልጅቷ የትውልድ ዓመት ነበር። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ራሷ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ እኔ፣ እና ሦስተኛ ፎቅ ግንባታ ፈቃድ ክፍል የሚሠራው ባሏ ክራሲሚር። ሰርቨሩ ላይ ባለው ፎልደሯ ውስጥ የልጅቷ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ተቀምጧል። መልቀቂያው ላይ እናትና ልጅ ዛሬ ከእሱ ሸሽተው የሚገቡበት ቤት አድራሻ አለ።

«አካውንቴን ዝጋልኝ ጋሼ ቬሊን» አለችኝ። የግራ እጇን ከእጅጌዋ አላወጣችም።

«ለመዝጋትም ሆነ ሰነድ ለማጥፋት ማኅተም ያለው ወረቀት ያስፈልገኛል። ማኅተሙ ደግሞ ዲሚትሪና መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«እሷማ ታች እየጋበዘች ነው።»

የቅዱስ ዲሚታር ቀን ነበር። በዚህ ቀን ስማቸው ከእሱ ስም የወጣ ሁሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ይጋብዛሉ። ዋና ጸሐፊያችን ዲሚትሪናም አይብ የገባበት ባኒጻ ጋግራ አምጥታለች። ሳቃቸው በደረጃው ሽቅብ ይሰማል።

«ልጥራት?»

«በእናትህ! ክራሲሚር አጠገቧ ተቀምጧል። ምን ተፈጠረ ብሎ አብሯት ይነሳል።»

የይለፍ ቃል ለመቀየር ማኅተም አይጠየቅም። አራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ቀየርኩት። አዲሱን ራሷ ስትጽፍ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በእሷው ኮምፒውተር የድሮውን ሞከርኩ። አልተቀበለም። ደገምኩት። አልተቀበለም።

«አለቀ?»

«አለቀ። ቢሞክርም ከበር ይመለሳል። ስልክሽን ግን እስክትደርሺ አጥፊው፣ በእሱ እንዳይከታተልሽ።»

እዚያው ፊቴ አጠፋችው። ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ በአራት ተኩሉ አውቶቡስ ለመሄድ ወጣች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክራሲሚር ባኒጻውን እየገመጠ በቢሮዬ በር አለፈ።

«ጋሼ ቬሊን! ሰው ሲበላ አንተ ሽቦ ትቆጥራለህ? ሂድ እንጂ፣ ዲሚትሪና ተቀይማሃለች።»

«እመጣለሁ።»

«ሚስቴስ የት ገባች?»

«አላየኋትም።»

«እንግዲያው የእሷንም ድርሻ እኔ በላሁላት» ብሎ ሳቀና ወደ ላይ ወጣ።

እኔ የልደት ምዝገባ ክፍል ማተሚያ ወረቀት ነክሶ ስለያዘ ተጠርቼ ወረድኩ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድን ነገር ከአንድ ቦታ ብቻ ፈትኖ መተው ልማዴ አይደለም። ከራሴ ኮምፒውተር ወደ ፎልደሯ ሄጄ የድሮውን ቃል ጻፍኩ።

ተከፈተ።

ተሳስቼ አዲሱን የጻፍኩ መሰለኝ። አዲሱን ግን አላውቀውም። ፊደል በፊደል ደገምኩት፤ ተከፈተ። የሰርቨሩን ደንብ አውጥቼ አነበብኩ። ቃሉ ሲቀየር የኮምፒውተሩ መግቢያ የድሮውን ወዲያው ይከለክላል። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ፎልደሮች ግን ለውጡ ያልደረሰው ሰው ከሥራው እንዳይስተጓጎል የድሮውን ለተወሰነ ደቂቃ ይቀበላሉ። ቁጥሩ ተጽፏል፦ ስልሳ። ማንም አልነካውም፤ ከተገዛ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር ስቀመጥ አላየሁትም።

የገቡትን ሰዎች መዝገብ ከፈትኩ። አራት ሰዓት ከአርባ አንድ። የስቶያንካ ስም፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ኮምፒውተር። የተነበበው አንድ ሰነድ ነው።

ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ተረኛው ስሙንና ስሟን ከመዘገበ በኋላ፣ «ባል የሚስቱን ወረቀት ማንበቡ ነው ወንጀሉ?» አለኝ።

«ሊገድላት ይችላል እኮ ነው የምልህ!»

«እስካሁን ምን አደረገ?»

«እስካሁን ምንም።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ሲያደርግ ይደውሉ፣ አባባ።»

ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩ። ኮቱ ከመስቀያው ላይ የለም። ግማሹ የተገመጠ ባኒጻ የኮምፒውተሩ ቁልፎች አጠገብ በሶፍት ላይ ተቀምጧል። በመስኮት አየሁ። ውጭ ያካፋል። መኪናው ቆሞበት የነበረው ቦታ ከግቢው ሁሉ የደረቀ ነው፤ ካፊያው ገና ነጠብጣብ እየጣለበት ነው።

መልቀቂያው ላይ ያለው ቤት ለመድረስ አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል። መኪና ሁለት ሰዓት።

ወርጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ስቶያንካ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ የልጅቷን ስም ጻፍኩ፣ ከስሙም ቀጥሎ ዓመቱን።

አልተከፈተም።