የአሸናፊው ነፋስ

በሐይቁ ዳር፣ ውሃው ውስጥ፣ ነፋስን ወደዞሩበት የሚመሩት ምሰሶዎች ከተተከሉ ወዲህ ነፋስ የሚነፍሰው በጀልባ ውድድር ላሸነፈ መንደር ብቻ ነው። የተሸነፈው እስከ ከርሞ ቅጠል አይነቃነቅለትም።

የይታይሽ መንደር በማዶው መንደር በተከታታይ ተሸንፏል። የተወቃው ጤፍ የሚያነፍሰው አጥቶ ከነገለባው አውድማ ላይ ሻገተ። አንጀቷ ያረረው ይታይሽ የጓዳዋን በር ነቀለች፤ ነፋስ ጀልባዋን ወደ ጎን እንዳይገፋት ከሆዷ ሥር ቀጥ አድርጋ ቸነከረችው። ሸራውን ከጆንያ ሰፋች።

“እትዬ ይታይሽ፣ ቤቱንም ጭነው አይመጡም ነበር?” አለ በውድድሩ ዕለት ዳኛው እየሳቀ።

“ሳቅ! ጤፍ የሻገተብህ አንተ አይደለህም!”

ጀልባዋ ስታጋድል ይታይሽ ነፋሱ በመጣበት ጠርዝ ተቀምጣ ጀርባዋን ወደ ውሃው ጣለች፤ በክብደቷ አቃናቻት። የማዶዎቹን ቀድማ ማዶ ዳር ደረሰች። በጀልባ ተከትሎ የደረሰው ዳኛም ምሰሶዎቹን ወደ እሷ መንደር አዞረ።

ልጇ የተዳረችው ማዶ ነው፤ አራስ ናት። ገመድ ላይ ሲውለበለብ የነበረው የሕፃኑ ጨርቅ ድንገት ቀጥ አለ። ልጅቱ ወጥታ እርጥቡን ጨርቅ ዳበሰችው፤ እናቷን አየቻት፤ ጨርቁን ከገመዱ አውርዳ ገባች። ይታይሽ ይህን ሳታስበው ቀርታ አይደለም፤ ማየቱ ግን ሌላ ነው።

“መልሰው!” ብላ ጮኸች።

“ለማን? አሸንፈዋል እኮ!”

“ለሁላችንም! ነፋስ የአባትህ ርስት መሰለህ?”

ዳኛው ትከሻውን ሰበቀ። እሷ ግን ሸራዋን ዳግም ወጠረች፤ ያሸነፈችው ነፋስ ሞላላት። የጀልባዋንም አፍንጫ፣ ገጭታ ልትጥለው፣ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ምሰሶ አዞረች።