የቀድሞው አለቃ

የሥራ ማመልከቻ ሁሉ መጨረሻው ላይ የቀድሞ አለቃ ስልክ ይጠይቃል። ሒሳብ ሠራተኛው እዚያ ሲደርስ እጁ ይታሰራል። አለቃው አገር ቤት አርፈዋል፤ መሥሪያ ቤቱም ከእሳቸው በኋላ አልሰነበተም። የሞተ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም።

“የኔን ቁጥር ጻፍ” አለው አብሮ አደጉ።

አብሮ አደጉ ሰው አገር ከገባ ቆይቷል። የሚኖሩት በአንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ አልጋው የአብሮ አደጉ፣ መሬት ላይ ያለው ፍራሽ የሒሳብ ሠራተኛው። የአብሮ አደጉ ሥራ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መሸከም ይሁን እንጂ፣ የአገሩን ቋንቋ ሲናገር ለሰማው ሚኒስትር ነው።

“ውሸት አይሆንም?”

“ሥራህን ታውቃለህ አይደል? የማውቀውን ብመሰክር ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?”

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጻፈ።

ቋሚ የቢሮ ሥራ ካልያዘ ሚስቱና ልጁ አይመጡም። ኢሚግሬሽን የሰጠው ጊዜ ደግሞ ከወሩ መጨረሻ አያልፍም። ሚስቱ “ልጅህን አባትሽ የታለ ሲሏት ስልኩን ታሳያለች” ካለችው ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል።

በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ሚስቱ ሻንጣው ውስጥ የከተተችለትን ሰማያዊ ክራቫት አሰረ። ጫፏን ካውያ አቃጥሎት ሚስቱ በነጭ ክር ሰፍታዋለች፤ ኮቱን ሲቆልፍ አይታይም።

ሲመለስ አብሮ አደጉ አንድ በአንድ ጠየቀው።

“ወንበሩን ሳይቀር አሳዩኝ እኮ! መስኮት ሥር ነው፣ ባቡር ይታያል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት አበባ በውሃ ጥም ልትሞት ደርሳለች። ብቻ ልግባ እንጂ መጀመሪያ የማጠጣው እሷን ነው።”

“ተወዳዳሪስ?”

“አንድ ቀይ ፂም አለ። የአገሩ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ ከአለቆቹ ጋር ይሳሳቃል።”

“በል እሱን ጠርጥር” አለ አብሮ አደጉ።

በማግሥቱ የአብሮ አደጉ ስልክ ጮኸ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አጎርንኖ ወደ በረንዳ ወጣና በሩን ዘጋ። ሒሳብ ሠራተኛው በመስታወቱ ያየዋል፤ ይስቃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ደግሞ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ወሬው አላለቀም።

“ምን አሉህ?”

“ስላንተ ጠይቀው ሲጨርሱ ስለ እኔ ጀመሩ። ወሬ ይወዳሉ ሰዎቹ።” ትከሻውን መታ መታ አደረገው። “አይዞህ፣ ሰማይ ሰቅዬሃለሁ።”

ሒሳብ ሠራተኛው ዕንባው መጣ። የናት ልጅ እንኳ ይህን አያደርግም አለ በሆዱ። ወዲያው ደውሎ ሚስቱን “ሻንጣሽን አሰናጂ” አላት።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ሌላ ሰው መርጠዋል።

“ቀይ ፂሙ ነዋ!” አለ አብሮ አደጉ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። “ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው አገር ነው።”

ሒሳብ ሠራተኛው ቀይ ፂሙን ከነዘር ማንዘሩ ረገመው። ሚስቱ ስትደውል ማንሳት አቃተው። አብሮ አደጉ ግን የክፉ ቀን ሰው ሆነ። ኪራዩን ብቻውን ቻለ፤ “ወገብህን ያምሃል” ብሎ አልጋውን ለቀቀለት። መጋዘኑ ፈረቃ ስለቀየረበት አሁን ጫማውን ወልውሎ ጠዋት ይወጣል። ሰርግ ተጠርቻለሁ ብሎም ክራቫቷን ተዋሰው። በዚያ ሐዘን ላይ ክራቫቴን መልስ የሚል ሰው የለም።

የወሩ መጨረሻ አለፈ። ሆድ ግን ቀነ ገደብ አያውቅም። ሒሳብ ሠራተኛው ጽዳት ሥራ ተቀጠረ፤ የላኩትም ቃለ መጠይቅ የተደረገለት ሕንፃ፣ እዚያው ፎቅ ላይ ነው።

ሠራተኞቹ ወጥተዋል። መጥረጊያውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። የቀይ ፂሙን ወንበር አንዴ ሊያየው፣ ድፍረቱ ከተገኘም ሊተፋበት ነው።

መጀመሪያ ያያት አበባዋን ነው። ለምልማለች። አፈሯን በጣቱ ነካ አደረገው፤ እርጥብ ነው።

“ደግ ሰው ነው ለካ” አለ፣ ሳይወድ በግዱ።

ከታች ባቡሩ አለፈ። ሥሩን ሊጠርግ ወንበሩን ወደ ራሱ ሳበው።

መደገፊያው ላይ ሰማያዊ ክራቫት ተሰቅላለች፤ ጫፏ በነጭ ክር የተሰፋ።