በእሷ ምላስ

እታፈራሁ ለስብሰባ ኢስታንቡል በገባች ማግስት፣ ከምላሷ ሥር የተተከለችውን ጣዕም አስተላላፊ ቅንጣት አብርታ ምግብ ቤት ፍለጋ ወጣች። ጎንደር ሆስፒታል የተኛው ባሏ አጥናፉ ጉሮሮው ከታመመ ወዲህ የሚመገበው በቱቦ ነው፤ ጣዕም የሚያገኘው በእሷ ምላስ ብቻ ነው። እሱ ሲያጣጥም ለእሷ የጎረሰችው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላታል።

ሁለት ቀን ከስብሰባው መልስ ዳገት ቁልቁለቱን ስትወጣ ስትወርድ አመሸች።

«ይሄ ቅባት በዛው» ይላታል አጥናፉ በጆሮ ማዳመጫዋ። «ያኛው ይሻል ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ አብጦ፣ እያቃሰተች ወደቡ አጠገብ ካለች ጠባብ ቤት ገብታ የዓሣ ሾርባ አዘዘች።

«ይኸው አገኘነው!» አለ አጥናፉ ገና በመጀመሪያው ማንኪያ። «ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ደስ አላት። በማግስቱም እዚያው በላች፤ እሱም ሲያሞግስ ዋለ።

በአምስተኛው ቀን ግን ሐኪሞች ለምርመራ በማደንዘዣ አስተኝተውት ስለነበር መስመሩ ተዘጋ። እታፈራሁ ሾርባውን ስትቀምስ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ጣዕም ተሰማት። ጨው ብቻ ነበር፤ ዓሣውም ሰንብቷል።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ለካስ ስታቃስት ሰምቷት፣ እግሯን እንድታሳርፍ ብሎ ኖሯል ያሞገሰው።

አስተናጋጇን ጠርታ «እናንተ ዓሣ ሲያምራችሁ የት ነው የምትበሉት?» አለቻት። ልጅቷ ሳቅ ብላ ዳገቱን አመለከተቻት።

አጥናፉ ሲነቃ እታፈራሁ ዳገቱ አናት ላይ፣ በከሰል የተጠበሰ ዓሣ ፊት ተቀምጣለች።

«ጉልበትሽስ?» አላት።

«ድኗል» ብላ፣ ያበጠ ጉልበቷን እያሸች ጎረሰች።

አጥናፉ ጣዕሙን አጣጣመ። ከዚያ «እታፈራሁ» አላት፤ «እባክሽ ቀስ ብለሽ አኝኪው።»