የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት

የሰውን ገንዘብ በዐደራ ይዞ የሚነግድ ድርጅት ዕድሜ የሚያገኘው ስሕተቱን በገዛ አፉ ሲናገር ነው። ድርጅቱን ያቋቋሙት አዛውንት ይህን ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል፤ ያን ዕለት ግን ሥራ አስኪያጁ ልጃቸው ለደንበኞች ሊልክ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ሲያነቡ በንዴት ጦፉ። “በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ላይ የዋለው ገንዘብ ጠፍቷል” ይላል። እርሳሳቸውን አንሥተው ከመጨረሻው ቃል ሥር ወረቀቱ እስኪቀደድ አሰመሩ።

“የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?”

“ገንዘቡ ነዋ፣ አባባ።”

“እግር አውጥቶ ሄደ በለኛ! ፋብሪካውን ሳታይ የገዛኸው አንተ አይደለህም?”

“እሱን ከጻፍን እኮ ሰዉ ሁሉ ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል።”

“ይሂድ! ተታሎ ከሚቀር አውቆ ይሂድ። ባለቤቱን ጻፍ!” ብለው እርሳሱን ወረወሩለት።

ልጁ አጎንብሶ ጻፈና ወረቀቱን መለሰ። አዛውንቱ ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ “የጥናት ክፍል ኀላፊዋ ተሳስታለች” ብሎ ነበር የጻፈው። ኀላፊዋ ደግሞ “የፋብሪካው ማሽኖች አርጅተዋል፤ እንዳይገዛ” ብላ ያቀረበችው ማስጠንቀቂያ ከደብዳቤው ጋር በቀረበላቸው የፋብሪካው ፋይል ውስጥ ነበረ። ከግርጌው “አይቻለሁ” የሚል ቃልና የልጁ ፊርማ ሰፍሮበታል።

“በገዛ እጅህ ስትፈርምበት ዐይንህ የት ነበር፣ አንተ ከንቱ?” አሉት አዛውንቱ፣ ፊርማውን በጣታቸው እየመቱ።

ልጁ በዚያው ቀን በአዛውንቱ ትእዛዝ ከሥራ አስኪያጅነቱ ተሻረ፤ የአክሲዮን ድርሻውም ተሸጦ ለኪሳራው ማካካሻ ዋለ፤ ዳግመኛም በድርጅቱ ውስጥ እንዳይሠራ ተወሰነበት።